የታየች በርሜል አረፋ ሲደፍቅ

ቀሃ ኢየሱስ ሰፈር ጠላ የሚሸጥ ሞልቶ ነበር፤ ጠላ መጥመቅ የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው ይባል ነበር፤ እሷም ይመኙሽ ናት። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከሰፈሩ ሁሉ አብልጣ ደግሞ ይመኙሽ ራሷ ታውቃለች። ከደጇ በተተከለው ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳዋን ደፍታ የሰቀለች ዕለት፣ ከጃንተከል ዋርካ ሥር የተቀመጠው ሽማግሌ ሁሉ ልብሱን አራግፎ ይነሣ ነበር። የተደፋ ጣሳ ጠላ አለ ማለት ነው፤ የይመኙሽ ጣሳ ግን ሸጋ ጠላ አለ ማለት ነው።

ትውልዷ ዳባት ነው። አባቷ በግ ያረቡ ነበርና፣ ስትዳር ከገዛ በጎቻቸው ጠጉር የተሠራ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ባና ሰጧት። ሁለት ሰው ጠቅልሎ የሚተርፍ፣ የወገራን ውርጭ የሚመልስ ባና ነው። ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ያን ባና አሸክማ ጎንደር ገባች፤ የዳኛው ሚስት ሆነች። ዳኛው በጣሊያን ጊዜ የቧንቧ ሥራ የለመደ ሰው ነው። መፍቻውንና ጉጠቱን በቆዳ ቦርሳ ይዞ፣ ከንፈሩ ላይ ያለችውን ቀጭን ሪዝ አስተካክሎ ሲወጣ፣ በሽተኛ ሊያይ የሚሄድ ሐኪም እንጂ የተደፈነ ቧንቧ ሊከፍት የሚሄድ አይመስልም። ይመኙሽ ያቺን ሪዝ ትወዳታለች። ሌላ ሴት ስታይበት ግን ምላጭ አንሥታ ብትላጨው ደስ ባላት።

ምን ይደረግ፣ ቅናት አብሯት ያደገ ነገር ነው። በልጅነቷ እናቷ ለእህቷ ቀሚስ ያሰፉ ጊዜ ሆዴን አመመኝ ብላ ተኝታ፣ ለእሷም እስኪሰፋላት አልተነሣችም። አድጋም አልለቀቃትም። ጠላዋን የጠጣ ሰው «ሸጋ ነው» ሲላት ፊቷ ይበራል፤ «እንደ እገሊት ጠላ ሸጋ ነው» ያላት እንደሆነ ግን ያ ሰው ሁለተኛ ሽክና አይቀዳለትም። ቢለምን «አልቋል» ትለዋለች፣ ጋኑ ሙሉ ሆኖ እያለ። ባሏ ላይ ሲሆንማ አይነሣ። ዳኛው ወይዘሮ እገሊት ቤት ቧንቧ ሠርቶ ከመጣ፣ ስለ ቧንቧው አንድ ጥያቄ፣ ስለ ወይዘሮዋ አሥር ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ለሥራዋ ግን ትዕግሥተኛ ናት። ጋኗን በግራዋ ታጥባለች፣ በወይራ ታጥናለች፣ ከጓዳው ቀዝቃዛ ጥግ ታስቀምጣለች። ከዚያ ወዲያ እስኪጠል ድረስ ማንም አይነካውም። ዳኛው እንኳ በጓዳው በር ሲያልፍ እግሩን እንዲያቀልል ታዞ ነበር። እሱም ይስቅባታል፤ «ጠላ እኮ አይሰማም!» ይላታል። «አንተ ነህ የማትሰማ» ትለዋለች።

እንዲህ ስትኖር፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባዶ ቤት አንዲት ሴት ተከራየችው። ታየች ትባላለች፤ ከጠዳ የመጣች፣ ባሏን ፈትታ የገባች፣ በዕድሜ ከይመኙሽ የምታንስ፣ በሳቅ ግን የምትበልጥ ሴት ናት። የከፈተችውም ጠላ ቤት ነው። ይህስ ባልከፋ፤ ጠላ ቤት በየደጁ አለ። የከፋው ታየች ከጋን የማትቀዳ መሆኗ ነው። ከጣሊያን የወይን ጠጅ ቤት የተረፈ፣ በብረት ቀለበት የታሰረ ትልቅ የእንጨት በርሜል ገዝታ፣ ከሆዱ በታች የነሐስ ቧንቧ አስገጥማበታለች፤ ቧንቧውን ዘወር ስታደርገው ጠላው ፏ ብሎ ሽክናው ውስጥ ይወርዳል። ጎንደር እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ጭልፋ የለ፣ ጎንበስ ቀና የለ።

በተከፈተ ዕለት ይመኙሽም ለጉርብትናው ብላ «እንኳን ደስ ያለሽ» ልትል ሄደች። ቀመሰችው። ጠላው ደህና ነበር። ከእሷ ጠላ አይደርስም፤ ግን ደህና ነበር፤ ያ ነው ያቃጠላት። የነፍስ አባቷ መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ ሳይቀሩ፣ እሷ ቤት ካለው የዘወትር መደባቸው ተነሥተው እዚያ ተቀምጠዋል። «ልባርክላት ብዬ ነው» አሏት፤ ሽክናቸውን ግን አላስቀመጡም። ከበርሜሉ አጠገብ ደግሞ አንድ ሰው አጎንብሶ ለታየች የቧንቧውን አያያዝ ያሳያል። ቀና ሲል ሪዙን አየችው። ቧንቧውን የገጠመው ዳኛው ነው፤ ለሚስቱ ግን ትንፍሽ አላለም።

«አያ ዳኛው ባይኖርልኝ ምን ይውጠኝ ነበር!» አለች ታየች እየሳቀች።

ይመኙሽ በርሜሉን አየችው። ቧንቧውን አየችው። ታየችን አየቻት። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ አየቻቸው፤ ባየቻቸው ጊዜም በሆዷ የተመኘችውን ነገር መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ በሰሙ ኖሮ ንስሐው ባልቀለለ።

ሳምንት ሳይሞላ የታየች በርሜል አረፋ መድፈቅ ጀመረ። ቧንቧው ሲዞር ይተፋል፣ ያንቋርራል፣ ሽክናው እስከ አፉ ነጭ ይሆናል፤ አረፋውን እፍ ሲሉት ከታች የሚገኘው ሁለት ጉንጭ ጠላ ነው። ጠጪው ሪዙም ጢሙም አረፋ ለብሶ ይወጣል። መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ ወደ ይመኙሽ መደብ ተመልሰው «ያቺ ልጅ የምትቀዳው ጠላ አይደለም፣ ደመና ነው» አሉ። ይመኙሽ ያን ቀን ለቄሱ ሽክናውን ሳይጠይቋት ሞላችላቸው። ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ በቤቱ መካከል ስትመላለስ እግሯ መሬት የነካ አይመስልም ነበር።

ደስታዋ ግን እስከ ማታ ብቻ ነው የቆየው። ማታ ዳኛው ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ፤ ራት ከቀረበ በኋላ መጣ።

«ምነው ቆየህ?»

«ያ በርሜል እኮ አስቸገረ። ቢከፍቱት አረፋ፣ ቢዘጉት አረፋ። የቧንቧውን አንገት ፈትቼ ቆዳውን ለወጥሁት።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

«ማናት እሷ?»

«በርሜሏ ናታ!» አለች ይመኙሽ፣ እንጀራውን ከፊቱ እየገፋች።

በማግስቱም ሄደ። በርሜሉን አንከባልሎ ወደ ማድቤቱ ግድግዳ አዛወርሁት አለ። በሦስተኛው ቀን ዘንበል አደረግሁት አለ። ከዚያ ወዲያ ቦርሳው የሚንጠለጠልበት ችንካር ማታ ማታ ባዶ ሆነ። ይመኙሽ የምሽት ጠጪዎቿን ስታስተናግድ አንድ ጆሮዋ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል፤ የታየች ሳቅ በተሰማ ቁጥር የምትቀዳው ጠላ ከሽክናው አልፎ ይፈስሳል። ሳቁ ደግሞ በየቀኑ እያነሰ መሄዱን ልብ ብላ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ባረፈች ነበር። ቅናት ግን የሚሰማውን ይመርጣል።

በዚህ መካከል ባናው ጠፋ። ይመኙሽ ወራቱ ሲበርድ ልትለብሰው ብትፈልግ ከሣጥኑ ላይ የለም። ዳኛውን ጠየቀችው።

«አዘዞ ላለው፣ ሰጠኝ ለሚባለው የአክስቴ ልጅ አዋስሁት» አላት። «ወባ ይዞት ብርድ ብርድ እያለው ነው። ሲሻለው ይመልሰዋል።»

ይመኙሽ ለባናው ብትሳሳም በሽተኛ ነውና ምን ትላለች። እንዲያውም አንድ ቀን ማር የገባበት በሶ አዘጋጅታ ሰጠችው፤ «አድርስለት» ብላ። በየሳምንቱም «ሰጠኝ እንዴት ሆነ?» ትለዋለች። ዳኛው «ተመስገን፣ ዛሬስ ቀና ብሏል» ይላታል።

ሰፈሩ ደግሞ ማውራት ጀመረ። ጠርቶ ይወርድ የነበረ ጠላ በድንገት አረፋ ከሆነ፣ መቼም ያለ ነገር አይደለም፤ ዓይን ገብቶበታል ተባለ። የማን ዓይን? ሰዎች ይህን ሲጠይቁ አፋቸው ዝም ይላል፣ ፊታቸው ግን ወደ መንገዱ ማዶ ወደ ተደፋው ጣሳ ይዞራል። ይመኙሽ ወሬው ደረሳት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ እሷ ግን ፈራች። ምክንያቱም ያን ዕለት በርሜሉን እንዴት እንዳየችው ከራሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እውነት ዓይኔ ይሆን? አለች። እሑድ ማለዳ ጠበል ሄዳ ሁለቱን ዓይኖቿን ደጋግማ አስረጨች። ተመልሳ ከደጇ ቆማ ወደ ማዶ ስታይ፣ ቅናቱ እንዳለ ቁጭ ብሏል፤ ጠበሉ ያጠበላት ፊቷን ብቻ ነው።

የዳኛው ወሬ ግን ሌላ ነገር ያስተምራት ጀመር። እሱ ስለ በርሜሉ ባወራ ቁጥር፣ እሷ በአንድ ጆሮ ታየችን ስትፈልግ፣ በሌላው የጠላ ጠማቂ ጆሮዋ ጠላውን ትሰማለች። ወደ ማድቤቱ ግድግዳ ተዛወረ? እዚያ እሳት አለ። ተንከባለለ? አተላው ተነሥቷል። ክዳኑ በጨርቅ ጥርቅም ተደርጎ ተወተፈ? ታዲያ ትንፋሹ በየት ይውጣ! ከሁለት ቀን በኋላ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። የጠላውን በሽታ አወቀችው፤ መድኃኒቱንም አወቀችው።

እዚህ ላይ ቅናቷ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ይጣላ ጀመር። የጠላ ሻጯ ቅናት «ዝም በይ፣ አረፋዋን ትጠጣ» ይላታል። የባለትዳሯ ቅናት ደግሞ «አረፋው እስካለ ድረስ ባልሽ ማታ ማታ እዚያ ነው» ይላታል። ብታድነው ጠጪዎቿ መንገድ ይሻገራሉ፤ ባታድነው ባሏ ተሻግሮ ይቀራል። ስታገላብጠው ሰንብታ በመጨረሻ ወሰነች። ጠጪ ቢሄድ ጠጪ ይመጣል፤ ዳኛው ግን ሌላ ዳኛው የላትም።

አንድ ማክሰኞ፣ ዳኛው ሥራ ላይ ሳለ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መንገዱን ተሻገረች።

«ቤቶች!»

ታየች ብቻዋን ነበረች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ ወለሉ በአረፋ ጨቅይቷል። ይመኙሽን ስታይ ብድግ አለችና በእሷና በበርሜሉ መካከል ቆመች።

«ምነው እትዬ ይመኙሽ? በደህና ነው?»

«አትፍሪ። አረፋሽን ላስቆምልሽ ነው የመጣሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ። ምነው፣ ጠላ አላውቅም?»

ታየች ጥቂት አመነታችና ዞር አለችላት። ቤቱ ጨለም ያለ ነው፤ የይመኙሽ ዓይን እስኪለምደው ቆየ። በርሜሉ ከማድቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ፣ እስከ አንገቱ በወፍራም ነገር ተጠቅልሎ፣ ቧንቧው ብቻ ብቅ ብሏል። ቀረብ አለች። ጥቁርና ነጭ መስመር አየች። ጫፉን ገለጠችው፤ ፍም ወድቆበት ቀዳዳ የሆነውን ቦታ በቀይ ክር የጠቀመችው እሷ ናት። ስፌቷን አወቀችው።

የአባቷ ባና በርሜል ለብሶ ቆሟል።

«ይህን ማን አለበሰው?» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«አያ ዳኛው ነው እንጂ። ከዛሪማ ነጋዴ ገዛሁልሽ ብሎ አመጣልኝ። ‹ዓይን ነው፣ እንዳይታይ ሸፍኚው› አለኝ።»

«የማን ዓይን?»

ታየች መሬት መሬት አየች።

«እኔ አላልሁም እትዬ፤ እመቤቴን አላልሁም። እሱ ነው ‹የኔይቱ ዓይኗ አይጣል ነው፤ እሷ ያየችው ነገር አይበረክትም› ያለኝ።»

ይመኙሽ ከመደቡ ላይ ቁጭ አለች። ስንት ዓመት ሙሉ ዳኛውን ከሰው ዓይን ስትጠብቅ ኖራለች፤ እሱ ደግሞ የሰውን በርሜል ከእሷ ዓይን ሲጠብቅ ከርሟል፤ ያውም በገዛ ባናዋ። ሄዶ ከታየች ጋር ሲተኛ ብታገኘው ትጮህ ነበር፣ ፀጉር ትነጭ ነበር። ይህኛውን ግን በምን እንደምትጮኸው አላወቀችም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ታየች ደንግጣ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እውነቱን ልንገርሽ እትዬ። እኔ ባልሽን አልፈልገውም። በየማታው ይመጣል፤ ያንከባልለዋል፣ ይነቀንቀዋል፣ የተረፈችኝን ጠላ ራሱ ይጠጣታል፣ ስለ ጣሊያን ቧንቧ ያወራልኛል። በነካው ቁጥር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ውሰጂልኝ እንዳልልሽ ፈርቼሽ ነው።»

ይመኙሽ ይህን ስትሰማ እፎይ ማለት ነበረባት። ነገር ግን የሰው ልብ ጉደኛ ነው፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ምነው? ዳኛው ምን ይጎድለዋል?» አለቻት በቁጣ።

ይመኙሽም በራሷ አፍራ ተነሣች።

«በይ እጅሽን አምጪ» አለቻትና የታየችን እጅ ይዛ ከባናው ሥር አስገባችው። እንጨቱ ሞቋል። «ይህን ጠላ መቼ ጠለልሽው?»

«ትናንት ጠዋት። ማታ በርሜሉን ሞላሁት። መጀመሪያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ እያለቀብኝ፣ እስኪጠል ማን ይጠብቃል?»

«ገና ሥራውን አልጨረሰም። ሳይበርድ ከተትሽው፣ አፉን ወትፈሽ አፈንሽው፣ ባና አልብሰሽ እሳት አስጠጋሽው፣ ላዩ ላይ ደግሞ በየማታው የሚንጠው አለልሽ። አረፋ ያንሰው?»

ባናውን ገፈፈችው። ሁለቱ ሆነው በርሜሉን ሳያናውጡ ከነመቆሚያው ገፍተው ወደ ቀዝቃዛው ግድግዳ አደረሱት። ከላይ ያለውን ውታፍ ትንፋሽ እንዲያገኝ አላላችው፤ ጆንያ በውሃ ነክራ ጎኑ ላይ ጣል አደረገችበት። ነገ ከሰዓት እስኪሆን ማንም እንዳይነካው፤ ቧንቧውም ሲከፈት ፈራ ተባ ሳይሉ እስከ መጨረሻው እንጂ በግማሽ እንዳይከፈት፤ ሽክናው ዘንበል ተደርጎ ጠላው በጎኑ እንዲወርድ ነገረቻት። ከእንግዲህም በጋን ጠልሎ ዝም ያላለ ጠላ በርሜል እንዳይገባ አለቻት። ይህን ሁሉ ስትናገር እያንዳንዱ ቃል ከአንጀቷ እየተቆረጠ ነበር የሚወጣው፤ ግን አልደበቀችም።

ከዚያ ባናውን አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ታየች አፏን በእጇ ያዘች።

«ወይ ጉድ! ያንቺ ነው?»

«የአባቴ ነው» አለች ይመኙሽ፤ ወጣች።

ከመንገዱ መካከል መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ አገኟት። «ምነው ልጄ፣ ቤት ለቀቅሽ እንዴ?» አሏት ባናውን አይተው።

«አይ አባ፤ የታመመ ጠይቄ መምጣቴ ነው።»

አመሻሹ ላይ ዳኛው ከሥራ ገባ። ፊቱን ታጠበ፣ ሪዙን በጣቱ አስተካከለ፣ ቦርሳውን ከችንካሩ አወረደ።

«ወጣ ልበል። ያ በርሜል ዛሬም ብሶበታል፣ ልካብኝ ነበር።»

ይመኙሽ አልጋው ላይ ባናውን ስታነጥፍ ነበር። መስመሩን አስተካክላ ጫፉን ሳበችው፤ የጌሾና የእሳት ጭስ ሽታ ቤቱን ሞላው። ዳኛው ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ።

«ከየት አገኘሽው?»

«ከአዘዞ።»

ዳኛው ዓይኑን ከባናው ወደ ችንካሩ አዞረ።

«ሰጠኝ ድኗል» አለች ይመኙሽ ቀና ሳትል። «ከእንግዲህ ጠያቂ አያሻውም። ለበሶውም እግዜር ይስጥልኝ ብሏል።»

ዳኛው ቦርሳውን መልሶ ሰቀለው።

በማግስቱ ከሰዓት ጣሳዋን ከእንጨቱ ላይ አወረደች፤ ጠላ ሳያልቅ ጣሳ ስታወርድ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ዳኛውን ከሥራ መመለሻው ላይ ጠብቃ እጁን ያዘችና መንገዱን አሻገረችው። የታየች ቤት በሰው ሞልቷል፤ አረፋ ሊያይ የመጣ ነው የሚበዛው። ይመኙሽ ስትገባ ወሬው ቀጥ አለ። አንዳንዱ ሽክናውን በነጠላው ሸፈነ። እሷ ዳኛውን ከበርሜሉ ፊት አስቀመጠችው፤ ራሷ ከጎኑ ቆመች፤ ዓይኗን ሳትሰብር በርሜሉን ትክ ብላ አየችው። ያላትን ቅናት ሁሉ ይዛ አየችው፤ ያቺን የነሐስ ቧንቧ፣ ያን የሚያምር እንጨት፣ ያቺን ሳቂታ ልጅ፣ ከእሷ ቤት ተነሥተው እዚህ የተቀመጡትን ጠጪዎቿን ሁሉ አየች።

«ይኸው አየሁት» አለች። «ቅጂ።»

ታየች ሽክናውን ዘንበል አድርጋ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ጠላው እንደ ምንጭ ውሃ ዝም ብሎ ወረደ፤ ላዩ ላይ ከቀለበት የማይበልጥ አረፋ ዞረበትና ጠፋ። ታየች ከእጇ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ሽክናውን ለዳኛው ሰጠችው። ዳኛው ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ፤ ግን አልጠጣውም። ጠላው ጥርት ያለ ነበርና የሚያየው የራሱን ፊት ነው፤ ወደ ሚስቱ ቀና ማለት አልቻለም። ይመኙሽ እስኪጠጣ አልጠበቀችውም፤ ወደ ቤቷ ሄዳ ጣሳዋን መልሳ ሰቀለች።

ከዚያ ወዲያ የታየች ጠጪ በዛ፤ የይመኙሽ ጠጪ ግማሹ ተሻገረ፤ እሷም በየቀኑ ከደጇ ቆማ እያየች በየቀኑ ትቀና ነበር፤ የታየች ጠላ ግን አንድም ቀን አልተበላሸም። ያን ክረምት ሙሉ ይመኙሽ በአባቷ ባና ተጠቅልላ፣ ዳኛው በጋቢው ተኙ።